ወንፊት

የሁለቱንም ፖስተር ያተምኩት እኔ ነኝ፤
ከብሎክ አርባ አንድ ሥር፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ።
ሽብሩ ባለ ሥጋ ቤቱ
ሙሉ ከፍሎ ነው የሄደ፤
የወይዘሮ ይርገዱ ዕዳ
በየጡረታዋ ቀን፣ ጥቂት በጥቂት ወረደ።

ምርጫው ለዳኝነት ነው፣ ለማኅበራዊ ፍርድ ቤት፤
ወረዳው ለቱሉ ዲምቱ የሰጠው አንድ ወንበር፣
አንድ የቆርቆሮ ክፍል፣
አንድ ማኅተም፣ እጀታው እንጨት።

ምልክት በዕጣ ሲወጣ
ለሽብሩ ሚዛን መጣ።
ሰፈሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ።
ያንን ሚዛን ማን ያጣዋል? ሁልጊዜ መቶ ግራም ጎደሎ፣
አጥንትን በሥጋ ስም የሚያስመሰክር ኪሎ።

ለይርገዱ ወንፊት ደረሳት።
"ወንፊት ውሃ አይዝም" ብለው፣ ደረጃው ላይ ተረቱባት፤
ውሃ በሳምንት አንዴ፣ ማክሰኞ ሌሊት ለሚመጣለት
ለእኛ ሰፈር ቀልዱ ቀለለ፤
ለእሷ ወንፊቱ ከበዳት።

ሃያ ስድስት ዓመት ልደታ፣ የችሎት ጸሐፊ ነበረች፤
የሰው እንባ በታይፕ ፊደል
ሳትጨምር ሳትቀንስ የጻፈች።
"አሁንስ ምን ልትጽፊ ነው?" ሲሏት
"አሁንማ ልስማ" አለች።

ቅስቀሳው በባጃጅ ሆነ፤ ድምፅ ማጉያው ከዕድር።
ሽብሩ ጠዋት ለተከራይ፣ "ለእናንተ ነው የምፈርድ!"
ከሰዓት ደግሞ ለአከራይ፣ "ለእናንተ ነው የምፈርድ!"
እሷ ማይኩን ይዛ፣
"ምን እንደምፈርድ አላውቅም፣ ሁለታችሁን ሳልሰማ"
ብላ ዝም አለች። ሞተሩ ብቻ አጓራ።
ዝም ያለ ቅስቀሳ ማን ሰማ?
እኔም በሆዴ፣ "ይቺ ሴትዮ ወረቀቴን አከሰረች" አልኩ።

አንድ ቀን ነፋሱ ቀይ አቧራ ሲያነሳ
ኦቦ ጉተማ መጡ፣ በትራቸውን ተመርኩዘው።
"ልጄ፣ ይህ ብሎክ አርባ አንድ፣ የቆመው ጤፍ ማሳዬ ላይ ነው፤
ያ የልጆች ዥዋዥዌ፣ በሬዎቼ የሚያርፉበት ነው።
ካሳው ካለቀ ቆየ። ልጄም እዚሁ ዘበኛ ገባ።
ብትመረጪ፣ አንቺ ዘንድ፣ ይህ ነገር ይታይ ይሆን?"

ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ሽብሩ ቢሆን "አዎ" ይል ነበር፤
"አዎ" ማለት ምን ያስከፍላል፣ እስከ እሑድ ብቻ ቢኖር?

ይርገዱ መነጽሯን አወለቀች። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።
መልሳ አደረገች። እንደገና አወለቀች።
"አባቴ፣ የዚህ ችሎት ሥልጣን እስከ አምስት ሺህ ብር ነው።
የጠፋ ዶሮ፣ የተሰበረ መስኮት፣ የባልዲ ጠብ ነው የሚያየው።
መሬት አይደርስበትም።"

"አምስት ሺህ" አሉ ኦቦ ጉተማ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ፤
"በዚህ ስንት ስንዝር ይገዛል?" ብለው በትራቸውን ጠየቁ።
ለነገሩ መምረጥም አይችሉም፤
መታወቂያቸው ከመንገዱ ማዶ ላለው ወረዳ ነው።

እሑድ ረፋድ ድንኳን ውስጥ፣ በእጅ ማውጣት ተመረጠ፤
ሽብሩ በሠላሳ አንድ በለጠ።
እኔ? የእኔ እጅ ኪሴ ውስጥ ነበር።
ለሁለት ያተመ ሰው ወገን አይይዝም ብዬ፣
እንዲህ ብዬ ነበር ያኔ።
ይርገዱ "እንኳን ደስ አለህ" ብላው፣ ድንኳኑን ስታጥፍ አየሁ።
የቀረባትን መቶ ሰማንያ ብር
በጡረታዋ ቀን አመጣች። አልተውኩላትም፤ ተቀበልኩ።

ማክሰኞ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ውሃ መጣ።
ጀሪካን ተሰለፈ፣ ሁለት ሴቶች ተያያዙ፣
"ተራዬ ነው!" "የኔ ነው!" "በሕግ አምላክ!" አለች አንዷ።
ዳኛው ተኝቷል። እሱ ቤት ሮቶ አለ።
ሰዉ በጨለማው ውስጥ፣ ሳይነጋገር፣ ወደ ይርገዱ ዞረ።

ምንም አላለች።
ከፊታቸው የነበረውን ቢጫ ጀሪካኗን አንስታ
ከሁለቱም ኋላ አስቀመጠችው፤
ነጠላዋን አጥብቃ፣ ጆሮዋን ወደነሱ አዘንብላ ቆመች።
ቧንቧው ይንጠባጠባል።